የዓባይ በረሃ መንገድ

ከሉማሜ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ደጀን እስኪደርስ ድረስ ስለ መንገዱ ብዙም አያስብም። ደጀንን ሲያልፍ ግን ምድር ከፊቱ ተከፍታ ትጠብቀዋለች። ያገሬው ሰው ይህን ገደል «ዓባይ በረሃ» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደጀን ጋቢ ያስደረበው ብርድ ከወንዙ ዳር ሲደረስ የቈላ ሐሩር ሆኖ ይገኛልና። ከደጀን አፋፍ እስከ ጎሃ ጽዮን አፋፍ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቍልቍለቱም ዐቀበቱም እያንዳንዳቸው ከ1000 ሜትር በላይ ናቸው።

መኪና ከመምጣቱ በፊት ነጋዴ በበጋ በቅሎውንና አህያውን እየነዳ በመልካው ይሻገር ነበር። ክረምት ገብቶ ዓባይ ሲሞላ ጎጃም ከሸዋ ተለይቶ ይከርማል። በሞጣ በኩል ወደ በጌምድር የሚያሻግር፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነበረ፤ ወደ ሸዋ በሚወስደው በዚህ ገደል ግን እንደዚያ ያለ አልነበረም። የጎጃም ገዥዎች ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር በተጣሉ ጊዜ ይህ ውሃ እንደ ቅጥር ሆኖ እንዳገለገላቸው መዘንጋት አይገባም።

ቅጥሩን ያፈረሰው ጠላት ያወጣው መንገድ ነው። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈዩበት ዘመን ገደሉን ፈልጠው የመኪና መንገድ አወጡ፤ በወንዙም ላይ ድልድይ ሠሩ። ይህን ያደረጉት ለጎጃም ገበሬ አዝነው ሳይሆን፣ አርበኞች ላስጨነቁት ጦራቸው ስንቅና ጥይት ለማቀበል ነበር። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ማርቆስ የሸሸው ጦራቸው ዓባይን እንደ ተሻገረ ድልድዩን አፈረሰው። መጋቢት 28 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ በዚያው ዕለት የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ዋና ከተማቸው የደረሱት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ለዚህ መዘግየት ዓባይን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ በከተማው የነበሩት ኢጣልያውያን ጕዳት እንዳይደርስባቸው የሠጉት የእንግሊዝ የጦር አዛዦችም ጕዞውን አዘግይተውት ነበርና።

ከነፃነት በኋላ የኮንክሪት ቅስት ድልድይ ተሠራ፤ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የአገሪቱን ዋና ዋና መንገዶች ጥገና ያዘ። ገደሉን የሚያውቀው ግን ከመሐንዲሱ ይልቅ ሾፌሩ ነው። ጤፍ የጫነ ከባድ መኪና ቍልቍለቱን በፍሬን ብቻ ልውረድ ቢል ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይላል፤ ስለዚህ ብልህ ሾፌር ገና ከአፋፉ ዐቀበት በሚወጣበት ከባድ ማርሽ ይገባና ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ያደርጋል። ረዳቱም ታኮውን ከእጁ አያርቅም፤ መኪናው በዐቀበቱ ላይ ቢቆም ወርዶ ከጎማው ሥር የሚሸጕጠው እርሱ ነው።

በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተመርቆ ተከፈተ፤ መንገዱም በዚያው ርዳታ ታደሰ። ወንዙ በዚህ ተገራ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ተራራው ግን አልተገራም። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የተቀመጠው በኖራ ድንጋይ፣ በጄሶና በአሸዋ ድንጋይ ንብር ላይ ሲሆን፣ ከገደሉ ወገብ የተከማቸው ናዳና ጭቃ የክረምት ውሃ ሲጠጣ ወደ ታች ይንሸራተታል። አስፋልቱም አብሮት ይሄዳል፤ ተሰንጥቆና እንደ ማዕበል ተጣጥፎ ይገኛል። ሠራተኛ መጥቶ ይደለድለዋል፤ በሚመጣው ክረምት ደግሞ ሾፌሩ እዚያው ስፍራ ሲደርስ ማርሹን ቀንሶ፣ መንገዱ ካምና ከነበረበት ምን ያህል እንደ ወረደ በዐይኑ እየለካ ያልፋል።