የሩቅ ባሕር ዐውሎ ነፋስና የወሎ በልግ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደጋን ከሕንድ ውቅያኖስ እጅግ የራቀች ናት። ይሁን እንጂ የበልግን ዝናብ ታሪክ የሚመረምር ሰው ከማዳጋስካር አካባቢ የሚነሣውን ዐውሎ ነፋስ ችላ ሊለው አይችልም።

እንደሚታወቀው፣ የደሴ ዙሪያ ደገኛ በበልግ ገብስ ይዘራል፤ የቃሉ ቆላ ገበሬም ክረምቱን ተሻግሮ የሚደርሰውን ማሽላ የሚዘራው በበልግ እርጥበት ነው። የበልግ ወራት ከየካቲት እስከ ግንቦት ሲሆኑ፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ዐውሎ ነፋስ የሚበረታው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወቅቶች ይገናኛሉ።

ዐውሎ ነፋስ በአንድ ቀን አይወለድም። በመጀመሪያ በሞቀ ባሕር ላይ ደመና ይከማቻል፤ ቀጥሎም የአየሩ ግፊት እየቀነሰ ነፋሱ መዞር ይጀምራል። አብዛኛው ክምችት ተበትኖ ሲቀር፣ የሚጠነክረው ጥቂቱ ብቻ ነው። ቀድሞ ይህን የሚያስታውቁ መርከበኞችና የደሴት ጣቢያዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያዋ የአየር ጠባይ ሳተላይት ቲሮስ 1 በመጋቢት 1952 ዓ.ም. ከመጠቀች ወዲህ ግን የደመናውን ሽክርክሪት ከላይ መከታተል ተችሏል።

በጥር 1976 ዓ.ም. ዶሞይና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደቡብ ሞዛምቢክንና ስዋዚላንድን በጎርፍ አጥለቀለቀ፤ በሚያዝያም ካሚሲ ሰሜን ማዳጋስካርን መታ። በዚያው ዓመት የወሎ በልግ ቀረ፤ ክረምቱም አጥጋቢ ሳይሆን አለፈ፤ የተከተለው እልቂት ከአገራችን ትዝታ የሚጠፋ አይደለም። ቀድሞ በሲቪል አቪዬሽን ሥር የነበረው ሜትዎሮሎጂ በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ ነበር። የሳተላይቱ ሥዕልም ነበረ። የጎደለው የዚያ ባሕር ነፋስ ለደጋን ማሽላ ምን እንደሚያመለክት ማወቅ ነበር።

በእርግጥ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው ብቻ አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ጉዳዩን በአኀዝ የመረመሩት ዱላ ሻንቆና ፒየር ካምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ዐውሎ ነፋስ በተደጋገመባቸው ዓመታት የኢትዮጵያ በልግ የመድረቅ ዝንባሌ እንዳለው አሳይተዋል። ነፋሱ እርጥቡን አየር ወደ ራሱ ሲስብ ለእኛ የሚደርሰው ይቀንሳል። ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ቁጥር በልግ ይቀራል ማለት ግን አይደለም፤ ድርቅ ሌሎች ምክንያቶችም አሉት።

ዛሬ የዚያን ውቅያኖስ ዐውሎ ነፋሶች በሬዩኒየን ደሴት የሚገኘው ማዕከል ይከታተላል። ወሬው በሰዓታት ውስጥ አዲስ አበባ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የእኛ የባለሙያዎች ኃላፊነት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ዋጋ የሚኖረው ዘሩ ከጎተራ ሳይወጣ ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ነውና።