እራፊና ፊደል

በአማርኛ «ድሪቶ» የሚለው ቃል ብዙ ክብር የለውም። ድሪቶ የለበሰ ሰው የድህነት ምልክት ሆኖ ይታያል፤ እርስ በርሱ የማይገጥም ጽሑፍም «ድሪቶ ነው» ተብሎ ይነቀፋል። በአሜሪካ ግን የድሪቶ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኩዊልት በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ኩዊልት እራፊ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ ጥጥና ገበር ገብቶበት የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው።

ከኩዊልት ዓይነቶች አንዱ ለሕፃናት የሚሰፋው የፊደል ኩዊልት ነው። እናት ወይም አያት ከአሮጌ ሸሚዝ፣ ከጠበበ ቀሚስ፣ ከመጋረጃ ትርፍ ቁራጭ ትለቅማለች። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ፊደል ይይዛል። የእንግሊዝኛው ፊደል 26 ነው፤ አምስት በስድስት ሲደረደር ደግሞ 30 ካሬ ይሆናል። የሚተርፉት አራት ካሬዎች የሕፃኑን ስም፣ የተወለደበትን ዓመት፣ ኮከብ ወይም ልብ ሊይዙ ይችላሉ።

ሥራው ከሚመስለው ይከብዳል። «ኢ»፣ «ኤች»፣ «ኤል» እና «ቲ» ቀጥ ባሉ ቁራጮች ይሠራሉ። «ኦ» እና «ኤስ» ግን ጥምዝ ስለሆኑ ጠርዛቸው በትናንሽ ሦስት ማዕዘን ጨርቆች መቆረጥ አለበት። ለስፌት በየጎኑ ሩብ ኢንች ካልተተወ ካሬዎቹ አይገጣጠሙም። በጨርቁ ጀርባ በኩል የምትሠራ ሴት ካልተጠነቀቀች ደግሞ «ኤን» እና «ኤስ» ተገልብጠው ይወጣሉ።

ይህ ሁሉ የሰላማዊ ቤት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው አገር እነዚህን 26 ፊደላት ለአንዳንድ ልጆች ማስተማር በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1739 በደቡብ ካሮላይና በስቶኖ ወንዝ አካባቢ ባሪያዎች አመፁ። በማግስቱ ዓመት በ1740 የቅኝ ግዛቲቱ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ለባሪያ መጻፍ ያስተማረ ሰው 100 ፓውንድ እንዲቀጣ ተደነገገ። በ1831 ማንበብ የሚችለው ናት ተርነር በቨርጂኒያ ሌላ አመፅ መራ። አላባማ በ1832 ባወጣችው ሕግ ባሪያም ሆነ ነፃ ጥቁር ፊደል ለማስቆጠር፣ ማንበብ ወይም መጻፍ ለማስተማር የሞከረ ከ250 እስከ 500 ዶላር እንዲከፍል ወሰነች። የባሪያ አሳዳሪዎቹ ስሌት ግልጽ ነበር፤ ያነበበ ሰው የይለፍ ወረቀት ይጽፋል፣ ጋዜጣ ያያል፣ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ ይተረጉማል።

ፍሬድሪክ ዳግላስ ይህን በሕፃንነቱ አይቶታል። በባልቲሞር የጌታው ሚስት ሶፊያ ኦልድ ፊደል ልታስቆጥረው ጀመረች፤ ባሏ ሰምቶ ከለከላት። ዳግላስ በኋላ እንደጻፈው፣ የነፃነት መንገድ የት እንዳለ ያሳየው ራሱ ክልከላው ነው። ከዚያ በኋላ ከመንገድ ልጆች ጋር እየተወዳጀ ለተራቡት ዳቦ ይሰጣቸው ነበር፤ እነሱም በምላሹ ንባብ ያስተምሩት ነበር።

መርፌና ክር ግን አልተከለከለም። በባርነት ውስጥ የነበሩ ሴቶች ለጌቶቻቸው ቤት ይሰፉ ነበር፤ በተረፋቸው ጊዜና ጨርቅ ደግሞ ለራሳቸው። ከእነሱ መካከል ስሟ ጎልቶ የቀረው ሃሪየት ፓወርስ ናት። በ1837 በጆርጂያ በባርነት ተወለደች። ነፃ ከወጣች በኋላ በ1886 የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በ11 ክፍል ያሳየችበትን ኩዊልት በአቴንስ ከተማ በጥጥ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበች። ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት ልትገዛት ብትጠይቃትም አልሸጥም አለች። ኑሮ ሲከብዳት ግን በ1891 በ5 ዶላር ሸጠችው፤ ከዚያም ያንኑ ኩዊልት ለማየት ወደ ገዢዋ ቤት ትመላለስ ነበር። ዛሬ ሥራው በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛል።

በኩዊልቱ ላይ አንድም ፊደል የለም፤ ሁሉም ሥዕል ነው። ብዙ ተመራማሪዎችም ሴትዮዋ ማንበብና መጻፍ አትችልም ብለው ሲያስቡ ኖሩ። በ2009 ግን በ1896 የጻፈችው ደብዳቤ ግልባጭ ይፋ ሆነ። በደብዳቤው ስለ ባርነት ዘመኗ፣ ማንበብ ስለ መማሯና ስለ ሰፋቻቸው ኩዊልቶች ትናገራለች። ለብዙ አሥርት ዓመታት መሃይም የተባለችው ሴት ፊደል የቆጠረች ነበረች።

እውነተኛው ታሪክ ይህን ያህል ሳለ፣ በሰፊው የታወቀው ግን ሌላ ነው። በ1999 ዣክሊን ቶቢን እና ሬይመንድ ዶባርድ ባሳተሙት መጽሐፍ ኩዊልቶች የምስጢር ኮድ እንደነበሩ ተተረከ። በአጥር ላይ የተሰጣ የመፍቻ ምስል «መሣሪያ ሰብስቡ»፣ የሠረገላ ጎማ «ጓዝ ጫኑ» ማለት ነበር ተባለ። የመጽሐፉ መነሻ አንዲት የቻርለስተን ኩዊልት ሻጭ የነገረችው የቤተሰብ ትውስታ ነው። ታሪኩ ጣፋጭ ስለሆነ ፈጥኖ ወደ ትምህርት ቤት ገባ።

የታሪክ ምሁራን ማስረጃ ሲፈልጉ ግን አላገኙም። በባርነት የኖሩ ሰዎች ራሳቸው የጻፏቸው የሕይወት ታሪኮች ስለ ኮዱ አይናገሩም። በ1930ዎቹ ከ2,000 በላይ የቀድሞ ባሪያዎች በቃለ መጠይቅ የሰጡት ምስክርነትም ኮዱን አያረጋግጥም። በ2007 ይኸው ትረካ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ አጠገብ ለዳግላስ በሚሠራው መታሰቢያ ዲዛይን ውስጥ መግባቱ ሲታወቅ ክርክር ተነሳ። ማንበብን እንደ ነፃነት ቁልፍ ያየው ሰው፣ በሕይወት ታሪኮቹ ባልጻፈው የጨርቅ ኮድ ሊታሰብ ነበር።

ትረካውን የሚወዱት ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ የተጨቆኑትን ብልሆች አድርጎ ስለሚያሳይ ይወዱታል። ጉዳቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ኩዊልቱን እንደ ፊደል ሲያነቡ ፊደሉ በሕግ የተከለከለ መሆኑ ይረሳል። የአላባማ የ500 ዶላር ቅጣት ከተረት ጋር ሲወዳደር ደረቅ ነው፤ ሆኖም በሕግ መዝገብ ላይ ያለው እሱ ነው። ታሪክን በሰሚ ሰሚ ማስዋብ ለተበዳዩ ውለታ መዋል ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን በዳዩን ከተጠያቂነት ያወጣዋል።

እራፊ ደግሞ ትርጉም እንዲኖረው ኮድ አያስፈልገውም። በአላባማ ጂስ ቤንድ በተባለው መንደር ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቀዳ ኩዊልት ሰፋችው። ዓላማዋን ልጇ በኋላ ተናግራለች፤ እሱን ለማስታወስና ከልብሱ ሥር ለመተኛት ነበር። የመንደሩ ኩዊልቶች በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲታዩ ዓለም ተደነቀ። በሚዙሪ ሥራ ላይ የላብና የድካም ጨርቅ እንጂ የተደበቀ መልእክት አልነበረም።

እውነተኛው ተአምር በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ አለ። በ1870፣ ባርነት በቀረ በአምስት ዓመቱ፣ ከ100 ጥቁር አሜሪካውያን 80 ያህሉ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። በ1910 ቁጥሩ ወደ 30 ወረደ። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ ሰማያዊ ሽፋን ባለው የዌብስተር ፊደል መማሪያ አንድ ላይ ቆጠሩ። ይህ የሆነው በአርባ ዓመት ውስጥ፣ ትምህርት ቤታቸው እየተቃጠለና መምህራኖቻቸው እየተዛተባቸው ነው።

በፊደል ገበታ ላይ በስንጥር እየጠቆመ ሀ ሁ ያለ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ሕፃን በአያቱ ቀሚስ ቁራጭ የተሰፋውን የመጀመሪያ ፊደል በጣቱ ሲነካ የሚማረው ድምፁን ብቻ ነው። ያ ፊደል አንድ ዘመን ስንት ዶላር ያስቀጣ እንደነበር የመንገር ኃላፊነት የትልልቆቹ ነው።