ከግድቡ ሥር የተሠራ ግድብ

እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ከዎልፍ ክሪክ ግድብ የሚወጣው የከምበርላንድ ወንዝ ደፈረሰ። በግድቡ ግርጌም መሬት ሰርጉዶ ጉድጓድ ከፈተ። ውሃው በግድቡ ሥር መንገድ አግኝቶ አፈሩን እየጠረገ ነበር።

ችግሩ ከመሠረቱ ይጀምራል። በ1941 ተጀምሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተቋረጠው ግንባታ የተጠናቀቀው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ግድቡ 79 ሜትር ከፍታ ሲኖረው ከፊሉ ኮንክሪት፣ 1,200 ሜትር ያህሉ ደግሞ የአፈር ሙሌት ነው። ያረፈው ውሃ በሚያሟሟው፣ ዋሻ በበዛበት የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። ቆፋሪዎቹ ዋሻዎቹን አይተዋቸዋል፤ ግን በአፈር ሞሏቸው እንጂ እስከ ጥልቀታቸው ተከትለው አልደፈኗቸውም።

ድፍርሱ ውሃ ሲታይ መሐንዲሶች ፈጥነው የሲሚንቶ ብጥብጥ በግፊት ወደ ዋሻዎቹ አስገቡ። ግድቡ ተረፈ። ከ1975 እስከ 1979 ደግሞ ሙሌቱን ሰንጥቆ ዐለቱ ውስጥ የሚገባ የኮንክሪት ግድግዳ ተሠራ። ሥጋቱ ጋብ አለ፤ ነገር ግን የግድግዳው ጥልቀትም ርዝመትም አልበቃም። ውሃው በሥሩና በዳሩ ዞረ።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ከግድቡ ኋላ ያለው ሐይቅ ውሃ ሆን ተብሎ ዝቅ ተደረገ። ግድቡ ቢደረመስ ጎርፉ በወንዙ ዳር ያሉ ከተሞችን አዳርሶ፣ እስከ ናሽቪል ከተማ ይደርስ ነበር።

ሁለተኛው ግድግዳ በጥንቃቄ ተሠራ። መጀመሪያ ዐለቱ በሲሚንቶ ብጥብጥ ተደፈነ። ቀጥሎ ቁፋሮው ሙሌቱን እንዳይጎዳ መከላከያ ኮንክሪት ተተከለ። ከዚያም በዚሁ ኮንክሪት በኩል እስከ ዐለቱ ውስጥ ድረስ እየተበሳ፣ ክብ የኮንክሪት ምሰሶዎች አንዱ የሌላውን ጎን እየገመጠ ተሞሉ። እስከ 84 ሜትር በሚወርድ ጉድጓድ መሰርሰሪያው ጥቂት ቢያዘነብል ከታች ክፍተት ይቀራል፤ ስለዚህ ቀጥተኛነቱ ያለማቋረጥ ይለካ ነበር። ከ1,100 ሜትር በላይ የሚረዝመው ግድግዳ በመጋቢት 2013 ተጠናቀቀ። መላው ጥገና 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ።

ይህን ሥራ ማንም ጎብኚ አያየውም፤ ሪባን የሚቆረጥበትም አይደለም። የግድብ ዕድሜ ግን የሚወሰነው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። የውሃውን ግፊት በየጊዜው የሚለካ ባለሙያ፣ የለካውን የሚሰማ ኃላፊና ለማይታየው ክፍል የሚመደብ በጀት የሌለው ግድብ፣ ቢመረቅም ተሠርቶ አልቋል አይባልም።