ከጎናችሁ ቤዝመንት ሲቆፈር፦ አፈሩን ምን ይዞታል?

አዲስ አበባ ውስጥ በቆርቆሮ የታጠረ ጉድጓድ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። እስካቫተሩ ይቆፍራል፣ ሲኖትራኩ አፈር ጭኖ ይወጣል፣ እኛም በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቀን አይተን እናልፋለን። አንድ ጥያቄ ግን መጠየቅ አለብን፦ ከዳር ያለውን አፈርና የጎረቤቱን ቤት ምን ይዞታል?

🔸 ለምን ያሰጋል?

አንድ ሜትር ኪዩብ አፈር 1.8 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከአንድ ቪትዝ መኪና ይከብዳል ማለት ነው። ሲናድ ለመሮጥ ጊዜ አይሰጥም። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም እንኳ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል።

በብዙ የከተማዋ ክፍሎች ደግሞ ጥቁር አፈር (መረሬ) አለ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጋ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የጉድጓድ ግድግዳ ክረምት ሲገባ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ሊንደው ይችላል። ትናንት አልተናደም ማለት ዛሬም አይናድም ማለት አይደለም።

🔸 መሠረቱ ምን ዓይነት ነው?

👉 ፉቲንግ፦ እያንዳንዱ ኮለን የራሱ የአርማታ እግር ይኖረዋል። ለአነስተኛ ሕንፃ የተለመደ ነው። መረሬ ካለ አፈሩ ተጠርጎ በገረጋንቲ ይተካል፣ ወይም መሠረቱ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ድረስ ይወርዳል።

👉 ማት፦ ከሕንፃው ሥር ያለው ቦታ በሙሉ በአንድ ወፍራም አርማታ ይሸፈናል። ጭነቱ ሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል።

👉 ፓይል፦ ላይኛው አፈር ደካማ ሲሆን ወይም ሕንፃው በጣም ሲከብድ፣ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፌሮና ኮንክሪት ይገባበታል። ጭነቱን ወደ ታች፣ ወደ ጠንካራው አፈር ወይም ዓለት ያወርዳል።

የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የአፈር ምርመራ (ሶይል ቴስት) ነው። "ጎረቤቴ እንዲህ ሰርቶ ነበር" አይሰራም።

🔸 ጉድጓዱ እንዴት ይደገፋል?

1️⃣ አዝምሞ ወይም በደረጃ መቁረጥ፦ ርካሹ መንገድ ነው፣ ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። አጥር ለአጥር በተጠጋጋ ሰፈር ቦታው አይገኝም።

2️⃣ ብረትና ጣውላ፦ ረጃጅም ብረቶች ከቁፋሮው በፊት ይተከላሉ። ከዚያ እየተቆፈረ በመሃላቸው ጣውላ ይገባል።

3️⃣ የፓይል ግድግዳ፦ በጉድጓዱ ዙሪያ ፓይሎች ተጠጋግተው ይሰራሉ። ቁፋሮው የሚጀመረው እነሱ ከጠነከሩ በኋላ ነው።

4️⃣ ዲያፍራም ዎል፦ ለጥልቅ ቤዝመንት የሚሆን ነው። ጠባብ ቦይ ቤንቶናይት በሚባል ጭቃ መሰል ፈሳሽ ተሞልቶ ይቆፈራል። ፈሳሹ ቦዩ እንዳይናድ ይይዛል። ፌሮው ከገባ በኋላ ኮንክሪቱ ከታች ጀምሮ እየሞላ ፈሳሹን ያስወጣዋል።

ጥልቀቱ ሲጨምር ግድግዳው ከውስጥ በብረት ይደገፋል፣ ወይም አንከር በሚባል ገመድ ከኋላ ካለው አፈር ጋር ይታሰራል። አንከሩ በጎረቤት መሬት ሥር የሚያልፍ ከሆነ ጎረቤቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ልብ በሉ፦ ሁሉም ላይ ድጋፉ ከቁፋሮው ይቀድማል ወይም እኩል ይሄዳል። ቆፍሮ ጨርሶ "በኋላ እንደግፈዋለን" ማለት በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ሌላው ውሃ ነው። ውሃው በፓምፕ መውጣት አለበት፣ ግን የከርሰ ምድር ውሃ ያለ ጥናት ብዙ ከተሳበ በዙሪያው ያለው መሬት ሊሰምጥ፣ የጎረቤትም ግድግዳ ሊሰነጠቅ ይችላል።

🔸 ጎረቤት ከሆናችሁ

✅ ቁፋሮው ሳይጀመር የቤታችሁን ግድግዳና ወለል ቀኑን በሚያሳይ ፎቶ አንሱ። በኋላ ክርክር ቢነሳ ማስረጃችሁ ነው።
✅ ስንጥቅ ካያችሁ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ቀኑንም ጻፉ። ምልክቱን ካለፈ እየሰፋ ነው።
✅ በር በድንገት አልዘጋ ካለ፣ አጥር ካዘመመ ወይም ከጉድጓዱ ጠርዝ ጎን ለጎን መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ መጀመሪያ ከቤት ውጡ። ከዚያ ለግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር አሳውቁ። አደጋ ከደረሰ 939 ደውሉ።

🔸 የቀን ሰራተኛ ከሆናችሁ

በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ 1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ቦይ፣ ሙሉ በሙሉ ዓለት ካልሆነ በስተቀር፣ ያለ ድጋፍ ሰው አይገባበትም። የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ጉድጓዱም በየቀኑና ከዝናብ በኋላ ይፈተሻል። አፈር አገር አይለይም፣ እዚህም እንደዚያው ይናዳል።

ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ፣ ጠዋት ከመውረዳችሁ በፊት ፎርማኑን "ዛሬ ታይቷል ወይ?" በሉት። ጥያቄው አያሳፍርም፣ መብታችሁ ነው።

ሳይት ላይ የሚውል ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁ አድርሱላቸው።