ዛሬም የሚያገለግሉ ጥንታዊ ሕንፃዎቻችን

ጥንታዊ ሕንፃ ሲባል ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚታየው ፍርስራሽ ነው፤ ሣር የበቀለበት ግንብ፥ ጣራ የሌለው አዳራሽ። ነገር ግን በቆቦ ሜዳ ቆመን ፊታችንን ወደ ምዕራብ ብናዞር፥ እንደ ግድግዳ ከቆመው ተራራ ባሻገር በላስታ ምድር፥ 800 ዓመት ያህል ቆይተው ዛሬም በራቸው የሚከፈት፥ ቅዳሴ የሚቀደስባቸው ሕንፃዎች አሉ። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ለት/ቤታችን በዓል መታሰቢያ በሚሆነው በዚህ መጽሔት አንድ ጥያቄ ልንመረምር አሰብን፤ ይኸውም አንዱ ሕንፃ ሲፈርስ ሌላው እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው።

የድንጋዩ ጥንካሬ ነው ብንል አይበቃም። በአክሱም አጠገብ ያለው የዱንጉር ቤተ መንግሥት ከድንጋይ የተሠራ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ከተለዩት በኋላ ግን የተረፈው መሠረቱና ዝቅተኛ ግድግዳው ብቻ ነው። በአንጻሩ ከላሊበላ በስተ ሰሜን ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ፥ በአክሱም ሥርዐት ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ የሠሩት ሲሆን፥ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። የቆመው በዋሻ ውስጥ ስለ ሆነ ዝናብ አይመታውም፤ አገልጋዮቹም አልተለዩትም። በሮማ ከተማ ያለው ፓንቴዎንም በ2ኛው ምዕተ ዓመት የታነጸ ነው፤ በ609 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ፥ ጎረቤቶቹ ሕንፃዎች ድንጋያቸው ተነቅሎ ሲወሰድ እርሱ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

እንግዲህ ወደ ላሊበላ እንመለስ። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት፥ በ12ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚጠሩ ናቸው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አልተሠሩም፤ ከአለቱ ውስጥ ተፈልፍለው ወጡ እንጂ። ቤተ መድኃኔ ዓለም ብቻውን 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ያያቸው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ አንባቢው አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራ፥ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ አረጋግጧል።

ነገር ግን በጉድጓድ ውስጥ ለቆመ ሕንፃ ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። ጠራቢዎቹም ይህን ያውቁ ነበርና የዝናቡ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ አብረው ፈለፈሉ። እኛ የራያ ልጆች ይህን ጥበብ ለመረዳት አይቸግረንም። ገበሬያችን በክረምት ከተራራው የሚወርደውን የጎሊናንና የሆርማትን ጎርፍ በጠለፋ ወደ ማሳው እየመራ ማሽላና ጤፍ ያበቅልበታል። የራያው ገበሬ ውሃን ወደ እርሻው ይጠራል፤ የላስታው ጠራቢ ግን ከቤተ መቅደሱ ያርቃል። ሁለቱም ሥራቸው ቦዩ በደለል ከተደፈነ ከንቱ ይሆናል።

ደግሞም መጠገን ሁሉ ማዳን አይደለም። ቀደም ባለ ጊዜ ውሃ እንዳያስገቡ ተብሎ አብያተ ክርስቲያናቱ ሬንጅ ተቀብተው ነበር፤ ከ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተደረገው ጥገና ይህ ቅብ ተነሣ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ላሊበላ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በከፊሎቹ ላይ ታላላቅ መጠለያዎች ተተከሉ። መጠለያዎቹ ዝናብን ቢከለክሉም፥ ክብደታቸው አለቱን እንዳይጎዳው የሰጋው የከተማው ሕዝብ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አደባባይ ወጥቶ አቤቱታውን አሰማ። ይህ የሆነው ሕንፃው ባለቤት ስላለው ነው። በየቀኑ የሚገባበት ሰው ትናንት ያልነበረውን ስንጥቅ ዛሬ ያያል፤ ባዶ የቀረ ቤት ግን እስኪወድቅ ድረስ ጠያቂ የለውም።

ስለዚህ ጥንታዊ ሕንፃን የሚያቆየው የሠራው ንጉሥ ብቻ ሳይሆን፥ ከእርሱ በኋላ በየዓመቱ ቦዩን የጠረገው ስሙ ያልተጻፈ ሰው ጭምር ነው። የእኛም ት/ቤት ግድግዳ ገና ወጣት ነው። ለሚመጡት ተማሪዎች እንዲደርስ የምንወድ ከሆነ፥ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት የጣራውን አሸንዳና የግቢውን ቦይ እንጥረግ።