ከቴሌፎኑ «ሰይጣን» እስከ ማማው ጨረር

«መምህር፣ ያ የቴሌ ማማ ካንሰር ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው?» ይህን ጥያቄ በወላይታ ሶዶ ከተማሪ ብቻ አልሰማሁትም። ከባለ ሱቅም፣ ልጆቿ ስልክ ትራስ ሥር አድርገው እንዳይተኙ ከምትቆጣ እናትም ሰምቼዋለሁ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ጉዳዩ ወደ ታሪክ የሚያደላ መስሎ ስለሚታየኝ ጥቂት ማለት ፈለግሁ።

በአገራችን የስልክ ፍርሃት ከስልኩ ጋር እኩያ ነው። ራስ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1889 ወደ ኢጣልያ ተልከው ሲመለሱ ቴሌፎን ይዘው እንደመጡ ይነገራል። አካል የሌለው ድምፅ ከሣጥን ውስጥ ሲወጣ የሰሙ አንዳንድ ካህናት፣ ነገሩ የሰይጣን ሥራ ስለሆነ እንዲወገድ ዳግማዊ ምኒልክን መወትወታቸውም በታሪክ ጸሐፍት ተደጋግሞ ይወሳል። ንጉሠ ነገሥቱ አልሰሟቸውም። ይህን ታሪክ ዛሬ የምናወሳው ለሳቅ ነው። እኔ ግን በካህናቱ መሳቅ ይከብደኛል። ስለ ዕቃው የሰጡት ፍርድ ስሕተት ነበር፤ ከማያውቁት ስፍራ የሚመጣና ባለቤቱ የማይታይ ድምፅ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሥልጣን ሊያገኝ መሆኑ ግን አልጠፋቸውም።

የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤታችን ልደቱን የሚቆጥረው ከእ.ኤ.አ. 1894 ነው። በዚያው ዓመት መገባደጃ ምኒልክ ወደ ወላይታ ዘመቱ። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ግዛቱም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ዋለ። ከዘመቻው ጋር አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሃይም ያየውን እልቂትና ምርኮ በመጽሐፍ አሳትሟል። የዓመቱ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ አንዱ ለሌላው ምክንያት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን አጋጣሚ አይደለም። ሽቦው ዋና ከተማውን ከአስተዳደር ከተሞች ጋር ሲያገናኝ፣ በመጀመሪያ ያነጋገረው ሹምን ከሹም ነው። ለገበሬው ሽቦው በማሳው ላይ የሚያልፍ፣ እርሱ የማይናገርበት፣ ስለ እርሱ ግን የሚነገርበት ነገር ነበር። ግብር የሚጨምረውም ጭሰኛ የሚያስጠራውም ትእዛዝ ከወዲያኛው ጫፍ ይመጣል።

ሞባይል ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በተራው ሰው እጅ የገባ የመጀመሪያው «ሽቦ» ይህ ነበር ማለት ይቻላል። ደስታው ብዙም ሳይቆይ የ1997ቱ ምርጫ ውዝግብ መጣና የጽሑፍ መልእክት ተቋረጠ፤ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስም አልተመለሰም። እንግዲህ በዚያ ዘመን ስለ ስልክ «አደጋ» ሲወራ፣ ከሕመሙ ይልቅ «ይሰማናል» የሚለው ይቀድም እንደነበር የማይዘነጋው ብዙ ነው። የጤና ሥጋቱ በጉልህ የተሰማው ዘግይቶ፣ ማማዎቹ በየሠፈሩ ሲተከሉ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛችን «ጨረር» ሸክሙ በዝቶበታል። የማለዳ ፀሐይ ጨረር እንላለን። አጥንት የሚያሳየው ራጅ ጨረር ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ የነበረው የካንሰር ሕክምናም ጨረር ነው፤ ሂሮሺማና ቼርኖቤልም በዚሁ ቃል ይተረካሉ። የሞባይሉ ሞገድ ሲመጣ ያንኑ ካባ ደረብንለት። የራጅና የአቶም ጨረር ኤሌክትሮንን ከአቶም ነጥቆ የሕዋስን ዘረ መል ሊጎዳ የሚችል ጉልበት አለው። የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የሞባይል ሞገድ ግን ይህ ጉልበት የለውም፤ በሰውነት ላይ በእርግጥ የታወቀው ሥራው ጥቂት ማሞቅ ነው። የዓለም አቀፉ መመሪያ ወሰንም የተሠራው ከዚህ ሙቀት ተነሥቶ ነው፤ ለሕዝብ በ900 ሜጋኸርዝ ላይ በካሬ ሜትር 4.5 ዋት፣ በ1800 ሜጋኸርዝ ላይ 9 ዋት። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጽሑፍ፣ በማማዎች አካባቢ የተለካው መጠን ከዚህ ወሰን ከ0.002 እስከ 2 በመቶ ብቻ እንደሆነ ገልጿል።

«ታዲያ ድርጅቱ ራሱ ካንሰር ያመጣል ብሎ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ማስረጃው ውስን ነው፤ ጨርሶ መጣልም አይቻልም ማለቱ ነበር። በየፌስቡኩ የተሠራጨው ግን «ይችል ይሆናል» የሚለው ተቆርጦ ነው። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የ63 ጥናቶች ግምገማ፣ በሞባይል አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም፤ ለረጅም ዓመታት በተጠቀሙትም ላይ እንኳ።

አሁን ወደ ወላይታ ልመለስ፤ እዚህ ነገሩ ይገለበጣልና። ስልክ ለማማው የሚልከው ኃይል ቋሚ አይደለም። ማማው ቅርብ ከሆነ በለሆሳስ ይናገራል፤ ሩቅ ከሆነ ወይም ኮረብታ ከጋረደው ይጮኻል። ሞገዱም በርቀት ፈጥኖ ስለሚደክም ለጭንቅላታችን ቅርብ የሆነው ምንጭ በጆሯችን ላይ ያለው ስልክ ነው። ስለዚህ ከፍተኛውን ሞገድ የሚቀበለው ከማማው ሥር የሚኖረው የሶዶ ነዋሪ ሳይሆን፣ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ በአንድ መስመር ምልክት የሚያወራው የገጠር ገበሬ ነው። ማማውን ከሠፈር ማራቅም ፍርሃታችንን ሲያቀል ስልካችንን ያስጮኸዋል። ለሚሠጋ ሰው የሚበጀው ቀላል ነው፤ ምልክቱ ደካማ በሆነበት ስፍራ ማሳጠር፣ በማዳመጫ መነጋገር፣ ስልኩን ከራስ ማራቅ።

ይህ ሁሉ ተነግሮ ፍርሃቱ የማይለቀው ለምንድን ነው? አለማወቅ ብቻ ነው የሚሉትን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ኮቪድን 5ጂ ያመጣዋል ብለው ማማ ያቃጠሉት እንግሊዛውያን ነበሩ፤ ትምህርት ቤት አላጡም። በናይጄሪያም እ.ኤ.አ. በ2004 «ከእነዚህ ቁጥሮች የተደወለውን የሚያነሣ ይሞታል» የሚል ወሬ አገር አናውጦ ኩባንያዎቹ ማስተባበያ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። ወሬ ሥር የሚይዘው ጠይቆ መልስ ማግኘት ባልለመደ ሰው ዘንድ ነው።

ወላይታ ደግሞ ሳይጠየቅ የተወሰነለትን ያውቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት «ወጋጎዳ» የተባለ፣ ከአራት ሕዝቦች ቋንቋ ተቀላቅሎ የተሠራ የመማሪያ ቋንቋ በመጽሐፍ ታትሞ ለልጆቹ ሲታደል ሕዝቡ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፤ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ የራሱን ዞን አገኘ። ያን ጊዜም ከላይ የተሰጠው መልስ «አልገባቸውም» የሚል ነበር። ማማ ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር አይነጻጸርም፤ አንዱ የማይጎዳ ብረት ነው፣ ሌላው የሕዝብ ማንነት። አመጣጡ ግን አንድ ነው፤ ከዕለታት አንድ ቀን መኪና ይመጣል፣ ይቆፈራል፣ ይተከላል። የመሬቱ ወይም የሰገነቱ ባለቤት ኪራይ ይቀበላል፤ ጎረቤቱ ወሬውን ይቀበላል።

ዛሬ የቴሌኮም ገበያው የአንድ መሥሪያ ቤት ርስት መሆኑ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሳፋሪኮምም አገልግሎት ይሰጣል። ከእነርሱ የሚፈለገው ነገር ውድ አይደለም። ባለሙያ መለኪያ ይዞ ይምጣ፤ የሠፈሩ ሰው ባለበት ይለካ፤ የተገኘው ቁጥር ከወሰኑ ጋር ጎን ለጎን በወላይትኛና በአማርኛ በአጥሩ ላይ ይጻፍ፤ በየዓመቱም ይታደስ። ቁጥሩ የሚያሳፍር እንደማይሆን እገምታለሁ። እስካሁን በሶዶ ባየኋቸው ማማዎች አጥር ላይ ያነበብኩት ግን «መግባት ክልክል ነው» የሚል ብቻ ነው።