የእርሻ መጀመር
እርሻ ከ11,000 ዓመታት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከዮርዳኖስ ሸለቆ እስከ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ባለው ለም ምድር ተጀመረ። ሰዎች ከዱር ይለቅሙት የነበረውን ስንዴ፣ ገብስና ምስር መዝራት፣ ፍየልና በግም ማርባት ያዙ። በቻይና ሩዝ፣ በሜክሲኮ በቆሎ፣ በኢትዮጵያ ጤፍና እንሰት ለየብቻቸው ለእርሻ በቁ።

የተረፈውን እህል በጎተራ ማኖር በአንድ ቦታ ረግቶ መኖርን አጠናከረ። በዛሬዋ ቱርክ የሚገኘው ቻታልሆዩክ ከ9,000 ዓመታት ገደማ በፊት የተቆረቆረ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ ተጠጋግተው ወደተሠሩ የጭቃ ጡብ ቤቶች በጣሪያ በኩል ይገቡ፣ ሙታናቸውንም ከወለሉ ሥር ይቀብሩ ነበር።

ሕዝብ በዛ፤ ተጠጋግቶ መኖር ግን በሽታን አዛመተ፣ የእህል ምግብም የጥርስ መበስበስን አበዛ። ውሎ አድሮ ትርፍ ምርቱ አንጥረኛን፣ ካህንንና ገዥን የሚቀልብ ሆነ፤ የሀብት ልዩነትም ሰፋ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ በሜሶጶጣሚያ የተጀመረው ጽሕፈትም በመጀመሪያ ያገለገለው እህልና ከብት ለመመዝገብ ነው።